የካምቢዮዋ ሰባት ቤት

ሜካኒኩ ይታያል አሮጌ ብረት ሲያነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «የማን ነበር?» ብሎ ነው። ቢቸና መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ሼዱ ውስጥ የተደረደረው ሞተሪኖ፣ ዲናሞና ኩሽኔታ ሁሉ ታሪክ አለው። አንዱ ደብረ ወርቅ ላይ እህል ሲያመላልስ ያረጀ ነው፤ አንዱ ከወፍጮ ቤት የመጣ ነው፤ አንዱ ደግሞ ሦስት ባለቤት ቀብሮ እሱ ቀርቷል። ይታያል ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲሠራ ስለሚውል ከብረት ጋር ያወጋል ይሉታል። እሱም አያስተባብልም።

«ብረት አይሞትም፤ ይደክመዋል እንጂ» ይላል። «የደከመውን ወስደን እናቀልጠዋለን። ለማቅለጫው ስንት እሳት ይነድዳል! ከዚያ ያንኑ ዕቃ አዲሱን ከባሕር ማዶ በዶላር እናመጣለን። አሮጌው ዘይት ደግሞ ወደ ወንዛችን ይወርዳል። እኔ ግን እስከ መጨረሻዋ ብሎን እፈታዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ የተበላውን በብየዳ ሞልቼ በብረት መላጫው በቶርኖ ልኩን አስይዘዋለሁ፣ ያለቀውን እተካለሁ። ተጠግኖ ሳይሆን ተወልዶ ይወጣል።»

የቢቸና ሰው ይሰማዋል፣ ይስቃል፣ ሄዶ አዲስ ይገዛል። «የሞተ መኪና ዕቃ በደኅናው መኪናዬ ላይ? ምነው፣ ሟርት ነው እንዴ!»

ፋሲካ አልፎ በየሰፈሩ የሰርግ ድንኳን በሚተከልበት ሰሞን፣ የከተማው ሼዶች ኃላፊ ባንተአምላክ መጣ። ከበሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየና አፍንጫውን ያዘ።

«ስማ ይታያል፣ ሼድ የሚሰጠው ለሚያመርት ነው። አንተ ምን አመረትክ?»

«አሮጌውን አዲስ አደረግሁ፣ ጌታው።»

«አዲስ ከሆነማ አሮጌ አልነበረም። አሮጌ ከነበረ ደግሞ አዲስ ሊሆን አይችልም። እስቲ በየትኛው በኩል ልቁጠርህ?»

ይታያል አሰበ። ጥያቄው ሲያስቡት እውነት ከባድ ነበር።

ባንተአምላክ ወደ መናኸሪያው ጥግ በእጁ አመለከተ። እዚያ የአቶ ያለው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከቆመ ብዙ ዘመኑ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ግራር በቅሎ በመስኮቱ ወጥቷል፤ የሰፈሩ ዶሮዎች የሚያድሩት በውስጡ ነው።

«ያንን አስነሣ። የርክበ ካህናት ማግስት እመጣለሁ። በራሱ ጉልበት ከዚህ ወጥቶ በራሱ ጉልበት ከተመለሰ ሼዱ ያንተ ነው። ካልሆነ ለዶሮ መኖ መጋዘን የሚጠብቁት አሉ።»

ይታያል ከዚህች ሼድ ሌላ መግቢያ የለውም። ሼዷ ከሄደች ያ ሁሉ ታሪክ ያለው ብረት በቁራሌው ጋሪ ተጭኖ ወደ እሳት ይሄዳል። እሱም አብሮ የሚጫን ይመስለዋል።

ሞተሩስ ችግር አልነበረም። ከአምና ጀምሮ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ወልዶ አዘጋጅቶት አውቶቡሱ ላይ ገጥሞታል። የጎደለው ካምቢዮ፣ የማርሹ ሳጥን ብቻ ነው። የራሱን ካምቢዮ አቶ ያለው ድሮ ለቁራሌው ሰጥቶት፣ ቀልጦ አሁን የማን ቤት ጣራ እንደተሸከመ አይታወቅም። ለዚያ ሞተር የሚስማማ ካምቢዮ በአካባቢው ያለው አንድ ብቻ ነው ተባለ። እሱም ሞጣ፣ ጡረታ በወጡት ሾፌር በአቶ ከፋለ በረንዳ ላይ።

ይታያል በሚኒባስ ሞጣ ሄደ። እንደተባለውም ካምቢዮዋ በረንዳው ላይ ዳንቴል ለብሳ ተቀምጣለች። አቶ ከፋለ በአጠገቧ ወንበር ላይ ሆነው ጢሙ የተላጨ አገጫቸውን ይዳብሳሉ።

«ጋሼ፣ ይችን ካምቢዮ ይሸጡልኛል?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። «ሰው ልጁን በገበያ ሲሸጥ የት አየህ? ስሟ ስንቄ ነው እኮ! ሃያ ዓመት ሙሉ አባይ በረሃን አብራኝ ወርዳ ወጥታለች። ወግ ያለው ቤት ከወለደህ ሽማግሌ ላክ!»

ይታያል ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ ይርጋነሽ ዞር ብሎ አየ። ወይዘሮ ይርጋነሽ አልሳቁም።

«ከሁለት እንዳያንሱ፣ ልጄ» አሉት። «በጠዋት ይሁን። ከዘራ የሚይዙ ቢሆን ይመረጣል።»

*

ቢቸና ላይ ሽማግሌ ማግኘት እንዲህ ይቀላል ብሎ አላሰበም። የቅኔ መምህሩ አካለ ወልድ ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ጋቢያቸውን አነሡ። «ሰው ለሰው ስሸመግል ኖሬ ግማሹ ተፋታብኝ። እስቲ ደግሞ ብረቱን እንሞክረው» አሉ።

ያስቸገረው አቶ ያለው ነው። «አውቶቡሱ የኔ ነው። የሙሽራው አባት ሆኜ እንዴት ሽማግሌ እሆናለሁ? ነውር አይደለም?»

«ሞተሩ ግን ከእርስዎ አውቶቡስ የወጣ አይደለም» አለ ይታያል። «ከሌላ ነው የመጣው።»

አቶ ያለው ፊቱ ፈካ። «እንግዲያው እንጀራ አባቱ ነኝ! እንጀራ አባት ይሸመግላል።»

በማግስቱ ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ሞጣ ደረሱ። ይታያል የልጁ ወገን ስለሆነ ከአጥር ውጭ እንዲቆም ተደረገ። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ስንቄ አዲስ ዳንቴል ለብሳለች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ከፋለ።

«አንቀመጥም» አሉ መምህር አካለ ወልድ።

«ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው። ጉዳያችን እስኪሰማ ግን አንቀመጥም። ልጅዎን ስንቄን ለልጃችን…» መምህሩ እዚህ ላይ ቆሙ። የሞተሩን ስም የጠየቀ ሰው አልነበረም። ወደ አቶ ያለው ዞሩ። አቶ ያለው ላብ አጠመቀው።

«ለተረፈ!» አለ ድንገት።

«ለልጃችን ለተረፈ እንዲሰጡን ብለን ደጅዎ ቆመናል።»

አቶ ከፋለ ረጋ ብለው አገጫቸውን ዳበሱ። «ይህ ተረፈ የምትሉት፣ ሥራው ምንድን ነው?»

«ለጊዜው ቆሟል።»

«ሥራ ፈት ነዋ!»

«ካምቢዮ የለውማ!» አለ አቶ ያለው።

«ሚስት ሲያገኝ ይሠራል የተባለ ወንድ ስንት አይቻለሁ። ይጠጣል?»

«ድሮ ዘይት ይጠጣ ነበር። አሁን ይታያል አስትቶታል።»

«ያጨሳል?»

አቶ ያለው መዋሸት አቃተው። «ትንሽ። ጠዋት ሲነሣ ብቻ።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከጓዳ ሆነው «እሱስ አንተም ታጨስ አልነበር?» አሉ። አቶ ከፋለ ሳል መጣባቸው።

«በሉ እንግዲህ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር። ዘሩ ይቆጠር» አሉ። «የክርስቲያን ቤት ነው። እስከ ሰባት ቤት ሳላውቅ አልሰጥም።»

የተረፈን ዘር የሚያውቅ ይታያል ብቻ ስለሆነ ከአጥር ውጭ ተጠራ። ገብቶ ቆመ፤ ልቡ ደስ አለው። በሕይወቱ የዚህን ብረት ታሪክ የጠየቀው ሰው ይኸ የመጀመሪያው ነው።

«የሞተሩ ትልቁ አካል፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱበት፣ አሁን የወጣው ከኔ ሼድ ነው» ብሎ ጀመረ። «ወደ እኔ የመጣው ከጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተር ከመሆኑ በፊት ደብረ ወርቅ የጭነት መኪና ነበር፤ ከዚያ በፊት ወንዝ ዳር ውሃ ሲስብ ኖሯል፤ ከዚያ በፊት ግንደወይን የወፍጮ ሞተር ነበር፤ ከዚያም በፊት ማርቆስ ከተማ የአንድ ነጋዴ መኪና ላይ ሠርቷል። በየቦታው ተፈትቶ እንደገና ተገጥሟል።»

«ከነጋዴውስ በፊት?»

«መጀመሪያማ የሰው አውቶቡስ ነበር። በዚሁ በሞጣ መስመር የሚሠራ። በሩ በገመድ ይታሰር ነበር ብለውኛል። ሾፌሩ ጢማም ነበር አሉ።»

አቶ ከፋለ ተነሡ።

«ጎኑ ላይ መስቀል አለበት? በመሮ የተቀረጸ?»

«አለበት!» አለ ይታያል በደስታ። «እንዴት አወቁ?»

ሽማግሌው ሳይመልሱ ወደ ስንቄ ሄደው ዳንቴሉን ገለጡት። በካምቢዮዋ ጎን ላይ አንድ ዓይነት መስቀል፣ በአንድ መሮ፣ በአንድ እጅ ተቀርጿል።

ሽማግሌዎቹ ለማየት ተጠጉ።

«እኔው ነኝ የቀረጽኩት» አሉ አቶ ከፋለ። «ሁለቱንም፣ በአንድ ቀን። ከአንድ አውቶቡስ ናቸው። እህትና ወንድም ልታጋቡብኝ ነው የመጣችሁት?»

አቶ ያለው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። መምህር አካለ ወልድ ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«እኮ ለዚህ ነው የሚገጥሙት!» ብሎ ጮኸ ይታያል። «ጥርስ ለጥርስ ይተዋወቃሉ! አብረው ነው ያደጉት! ከዚህ የተሻለ ጥንድ ከየት ይመጣል?»

አቶ ያለው በእጁ አፉን ከደነው። «ዝም በል አንተ ልጅ፣ አዋረድከን!»

ይታያል መሬት መሬት ያይ ጀመር። ቢዋሽ ኖሮ ምን ነበረበት? «ከአዲስ አበባ ነው የመጣው» ቢል ማን ያውቅበታል? ግን ብረቱ ሲሰማው ምን ይላል? የዶሮ መኖ ሽታ ከወዲሁ አፍንጫው ውስጥ ገባ።

መምህር አካለ ወልድ ግን የተቀመጡ ያህል ረግተው ጣታቸውን ይቆጥሩ ነበር።

«አቶ ከፋለ፣ አይቸኩሉ። ይህ ልጅ ፈርሶ የተሠራ ሁሉ እንደገና ተወለደ ይላል። እንግዲያው አባቱ አውቶቡስ ከሆነ፣ ልጁ የነጋዴው መኪና ነው። የልጅ ልጁ ወፍጮው፣ ሦስተኛው ውሃ ሳቢው፣ አራተኛው የጭነት መኪናው፣ አምስተኛው ጄኔሬተሩ ነው። ከይታያል ሼድ የወጣው ተረፈ ስድስተኛ ቤት ነው።»

«ስድስት ሰባት አይደለም።»

«አይደለም። አንድ ጎደለ» አሉ መምህሩ፤ አንደኛዋን ጣታቸውን ወደ በረንዳው ቀሰሩ። «በእሷ በኩልስ? አንድ ጊዜ እንኳ ፈርሳ ተሠርታለች?»

«የኔ ልጅ? ማንም እጁን አላሳረፈባትም!»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ትወለድ። ከእሱ ስድስት፣ ከእሷ አንድ። ሰባት ቤት ሞላ።»

አቶ ያለው ከጋቢው ውስጥ ብቅ አለ። ይታያል መተንፈስ ጀመረ። አቶ ከፋለ ግን ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ዳንቴሉን መልሰው አለበሷት። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። እስከ መጨረሻዋ ብሎን ከፈታሃት፣ የተበላውን ከሞላህ፣ ያረጀውን ከቀየርክ፣ መልሰህ ስትገጥማት ስንቄ ናት ወይስ ስንቄ ሞታለች?»

ይታያል ባንተአምላክ በራፉ ላይ ቆሞ የጠየቀው ያው ጥያቄ መሆኑ ገባው።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለ። «መስቀሏን ግን አልነካውም።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከጓዳ ወጥተው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ባላቸው ፊት ቆሙ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ቁጭ ብላ ትዝጋለች እንጂ አታድግም። ስንት ዓመት ሙሉ አቧራዋን ስጠርግ ኖርኩ። ስንቄ ብትሄድም የልጅ ልጅ ትመጣልሃለች። የልጅ ልጅ የጠላ ሰው አይቼ አላውቅም። በረንዳዬንም መልስልኝ።»

አቶ ከፋለ በረንዳውን ትተው ሚስታቸውን አዩ። «ጥሎሽ አለባቸው» አሉ በመጨረሻ። «የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ ዝናብ የማያስገባ ሸራም። ልደቷ ደግሞ እዚሁ ግቢ ውስጥ ይሁን። ሳትወለድ ከቤቴ አትወጣም።»

ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

*

ይታያል ካምቢዮዋን በሞጣ ግቢ መሃል፣ በሸራ ላይ ፈታት። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እያንዳንዷ ማርሽ ከጥቁሩ ዘይት ወጥታ በናፍጣ ታጥባ ስታበራ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ጥቁሩን ዘይት መሬት እንዳይነካ በጀሪካን አጠራቀመው፤ ያንን ሲያደርግ ያየች አንዲት ሴት «እንግዴ ልጁ ነው፣ አይጣልም» ብላ ለሌላዋ አስረዳች። የተበላውን ዘንግ ሞጣ ያለው ቶርኖ ቤት በብየዳ ሞልቶ ልኩን አስያዘው። ኩሽኔታዎቹ ተቀየሩ። አቶ ከፋለ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት ባል ይመስል፣ አንድ ቁልፍ በወደቀ ቁጥር «ምን ሆነች?» ይላሉ።

ተገጥማ ስታልቅ ይታያል ዘንጓን በእጁ አዞረው። ያለ ድምፅ፣ እንደ ቅቤ ዞረ። አቶ ከፋለ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

«የስንቄ ድምፅ አይደለም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ግን ትመስላታለች» አሉ። «ስሟ ፈንታነሽ ይሁን።»

የወሰዳት ሚኒባስ ሾፌር ከኋላ ከዕቃ ጋር ሊጭናት ፈልጎ ነበር። አቶ ከፋለ «ሙሽራ ከኋላ?» ብለው ገሠጹት። ፈንታነሽ ከፊት ተቀመጠች፤ የፊቱ ወንበር ተሳፋሪም ሳያጉረመርም ወደ ኋላ ሄደ።

*

የርክበ ካህናት ማግስት ባንተአምላክ ሲመጣ መናኸሪያው ሞልቶ ነበር። ግራሩ ተቆርጧል፣ ዶሮዎቹ ተባረዋል። አቶ ከፋለ ነጭ ኮፍያ አድርገው መሪውን ይዘዋል። ይታያል አጠገባቸው ተቀምጧል።

ተረፈ በአንድ ጊዜ አልተነሣም። ሁለት ጊዜ አጉረመረመ። ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ።

«ያጨሳል ብያችሁ ነበር» አለ አቶ ያለው።

«ሞተር ሲጮህ አይደለም ማየት የፈለግሁት» አለ ባንተአምላክ፤ ለማጣራት አውቶቡሱ ላይ ወጣ። «ይውጣ። ሜዳውን ዞሮ ይመለስ።»

አቶ ከፋለ ማርሽ አስገቡ። ፈንታነሽ ገባች። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ሜዳውን ግን አልዞረም። ቀጥ ብሎ ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ሞጣ መንገድ ታጠፈ።

«ወዴት ነው?» አለ ባንተአምላክ።

«መልስ ነዋ!» አሉ አቶ ከፋለ። «ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት መልስ ሳትበላ ሜዳ ስትዞር የት አይተሃል? ይርጋነሽ በግ አርዳ ትጠብቃለች።»

«አቁሙ! የኔ ሥልጣን ቢቸና ላይ ያበቃል! ከከተማው ከወጣን የማየው ሁሉ አይቆጠርም!»

«እንግዲያው አትይ» አሉ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት መምህር አካለ ወልድ።

ባንተአምላክ ሕግ አክባሪ ሰው ነው። የከተማው የመጨረሻ ቤት ሲያልፍ ዓይኑን ጨፈነ።

ደብረ ወርቅን አለፉ። ከግንደወይን በፊት ያለው ዳገት ላይ ግን አውቶቡሱ ዘገየ። ከታች አንድ ቀጭን የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። ይታያል ድምፁን ያውቀዋል፤ ዘንጉ ነው። ብየዳው ካልያዘ እዚሁ ያበቃል፤ ሼዱም፣ ብረቱም፣ እሱም።

«ቆምን?» አለ ባንተአምላክ ዓይኑን እንደ ጨፈነ።

«አልቆምንም» አለ ይታያል። ጎማው ግን ከሰው እርምጃ አይፈጥንም ነበር።

አቶ ከፋለ ማርሹን ወደ ታች መለሱ፤ እጃቸውን ከመለወጫው ላይ ሳያነሡ ዝቅ ብለው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ መንገዱን እናትሽ ታውቀዋለች» አሉ። ማፏጨቱ ቀጠለ። ቀጠለ። ከዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ ድምፁ ከራሱ ጋር እንደ ተስማማ ሰው ዝም አለ። ይታያል ዓይኑን ጠረገ። አቶ ከፋለም በኮፍያቸው ፊታቸውን ጠረጉ፤ ላብ ነው አሉ።

ሞጣ ላይ ባንተአምላክ ዓይኑን ሳይገልጥ ጥብስ በላ። ወይዘሮ ይርጋነሽ በእጃቸው አጎረሱት። «ጣፋጭ ነው፣ ግን አላየሁትም» አላቸው። ሳይመሽ ተመለሱና፣ የቢቸና የመጀመሪያ ቤት ላይ ሲደርሱ ይታያል ትከሻውን ነካው። ዓይኑን ገለጠ።

አውቶቡሱ መናኸሪያው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ባንተአምላክ ወርዶ ብዙ ጊዜ ዞረው።

«ሲወጣ አይቻለሁ። ሲገባ አይቻለሁ። በራሱ ጉልበት ነው» አለ። «ሼዱ ያንተ ነው። አሮጌ ይሁን አዲስ ግን አሁንም አልገባኝም።»

«ለኔም እንዲሁ ነው» አለ ይታያል።

ሳምንቱ ሳያልቅ ይታያል አንድ ጠዋት አንድ ዲናሞ እያጠበ ሳለ ጥላ በሩን ሸፈነው። ቀና ሲል ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ከኋላቸው፣ ከአጥር ውጭ፣ ባንተአምላክ እንደ ሙሽራ ወገን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የቢሮው መኪና ከቆመች ከርማለች ይባል ነበር።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ይታያል።

«አንቀመጥም» አሉት።

እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተነሣና፣ ካጠበው ዲናሞ ጎን ቆሞ ጠየቃቸው።

«መኪናዋ መጀመሪያ የማን ነበረች?»